የቨርኖን ቹርካ ፎቶግራፍ ከክብር ግድግዳ ስለ መውረዱ

ዶርሲ ሆሎው፣ ፔንሲልቬንያ
ሴፕቴምበር 8 ቀን 1997

ለክቡር ዶክተር ቨርኖን ቹርካ፣ የ1965 ተመራቂ
ኤልኮ፣ ኔቫዳ

የተከበሩ ዶክተር፣

የዶርሲ ሆሎው ትምህርት ወረዳ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የደረሰውን አደጋ ለእርስዎ የሚገልጸው በታላቅ ሐዘን ነው። በጂምናዚየሙ በር አጠገብ ባለው የክብር ግድግዳ ላይ፣ በሁለተኛው ረድፍ፣ በጥርስ ሐኪሙና በኮሎኔሉ መካከል ተሰቅሎ የነበረው ፎቶግራፍዎ ወድቋል። መንስኤው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ነው። መስተዋቱን ማትረፍ አልተቻለም። ግራ ጆሮዎ ላይ ጭረት ይታያል፤ የቀረው አካልዎ በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛል። በቦታው የነበርን ሰዎች ለአንድ ደቂቃ በዝምታ ልንቆም ተነሥተን ነበር፤ ደወል ተደወለና ልጆቹ ወደ አውቶቡስ ሮጡ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ያነሰ ነው። የከሰሉ ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲህ ሸለቆው ልጅ መውለድ ትቷል። ስለዚህ ወረዳችን በጃንዋሪ ከፌርሞር ትምህርት ወረዳ ጋር ይዋሃዳል። (ፌርሞር የሚለውን ስም ሳልሳደብ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።) የክብር ግድግዳውም ወደ አዲሱ ሕንፃ ይዛወራል። ሆኖም የፌርሞር ዋና ኃላፊ ሚስተር ኤልዉድ ትራንተር፣ የእያንዳንዱ ተሸላሚ የሥራ ውጤትና የማኅበረሰብ አገልግሎት በማስረጃ ካልተረጋገጠ አንድም ፎቶ በበራቸው እንደማይገባ አስታውቀዋል።

የእርስዎ የናስ ሰሌዳ እንዲህ ይነበባል፦ «ዶ/ር ቨርኖን ቹርካ። የሳንባ ሐኪም። በኔቫዳ በረሃ ለድሆች ነፃ ክሊኒክ ያቋቋመ። የሸለቆው ኩራት።» ስለሆነም የሕክምና ፈቃድዎን ቅጂ፣ እንዲሁም ክሊኒኩ መኖሩን የሚያስረዳ አንድ ነገር እስከ ኦክቶበር አጋማሽ እንዲልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ቬልማ ስትሮፕኮ
የማኅበሩ ጸሐፊ

በታይፕ ክፍል ከኋላዬ ተቀምጦ ፀጉሬን ከወንበሩ ጋር ያሰረው ቨርኖን ቹርካ እርስዎ ከሆኑ፣ ሰላም ብያለሁ። ካልሆኑ ይቅርታ።


ኤልኮ፣ ኔቫዳ
ሴፕቴምበር 19 ቀን 1997

ውድ ቬልማ፣

አዎ፣ ፀጉርሽን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ «እርስዎ»ውን ተዪው፤ አንቺ እንዲህ ስትዪኝ ፍርድ ቤት የቆምኩ ይመስለኛል።

የቀረውን ግን አንብቤ አንብቤ አልገባኝም። የምን ፎቶ? የምን ክሊኒክ? የምን ዶክተር? ቬልማ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። ኦክስጅን ለሚያከራይ ድርጅት መኪና እነዳለሁ። ሲሊንደር ጭኜ ከኤልኮ እወጣለሁ፤ በከብት እርባታዎቹና በተጎታች ቤቶቹ እየዞርኩ አወርዳለሁ፤ ቱቦውን እሰካለሁ፤ ግፊቱን አያለሁ፤ «እባክዎ ከዚህ አጠገብ ሲጋራ አያጭሱ» እላለሁ። እነሱም እሺ ይሉና ያጨሳሉ። ይኸው ነው ሕክምናዬ። በነፃ የሰጠሁት ነገር ካለ ምክር ነው፤ እሱንም የወሰደ የለም።

ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ያልገባኝ ነገር ገባኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ መጥቼ አልነበር? አስከሬኑ ፊት ቆሜ ጎረቤታችን ስታሽ ቢየላክ እያለከለከ መጣና ሸሚዙን ፈታ። «እስቲ አዳምጠኝ» አለኝ። ሐዘኑ አእምሮውን ነክቶት ነው ብዬ፣ እንዳይከፋው ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግሁ። «እንዴት ነው?» ሲለኝ «ይመታል» አልኩት። ወደ ሕዝቡ ዞሮ «አያችሁ? የፒትስበርግ ሐኪሞች ሦስት ወር የፈጀባቸውን!» ብሎ ተናገረ። ከኋላው አራት ሰዎች ሸሚዛቸውን እየፈቱ ተሰልፈው ነበር። እኔም በማግስቱ በጠዋት ሄድኩ። ለምን ቶሎ ሄደ ብላችሁ ካማችሁኝ፣ ምክንያቱ ይኸው።

ማን ዶክተር እንዳደረገኝ አልጠይቅሽም። እናቴ ናት። ሰሌዳውን ዛሬውኑ አውርጂው። ሰው ሳይስቅባት።

እስቲ ደግሞ ስለ እሷ ጻፊልኝ። እሑድ እሑድ ስደውል ሁለት ቃል ትላለች፣ «ሾርባዬ ሊቀዘቅዝ ነው» ትልና ትዘጋዋለች። ድሮ እኮ ስልኩን ከእጇ የሚያስጥላት አልነበረም።

ቨርኖን


ዶርሲ ሆሎው
ሴፕቴምበር 29 ቀን 1997

ውድ ቨርኖን፣

መልሱ፦ አላወርድም።

ከደብዳቤው በኋላ በላክኸው ፖስት ካርድ ላይ ስለ ኮሎኔሉ ጠይቀሃል። ኮሎኔሉ ኮሎኔል አይደለም። ለአንድ ኮሎኔል እንቁላል ይጠብስ ነበር። የሄለን ቢየላክ ልጅ፣ በስተግራህ ያለው የጥርስ ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ነው የሚሸጠው። በጥሩ ዋጋ ይሸጣል ይላሉ። ከአፍሪካ አንበሳ ያመጣው ሳይንቲስት ከክሊቭላንድ ወጥቶ አያውቅም። እስካሁን ከመላው ግድግዳ ትክክል ሆኖ የተገኘው የ1931ዱ አንጥረኛ ብቻ ነው፤ እሱም በሕፃንነቱ እናቱ የሞተችበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። የማኅበሩ መጽሔት ሊወጣ ሲል እናቶቹ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ አንዷ ኬክ፣ አንዷ በድንች የተሞላ ፒሮጊ ይዛ። የልጃቸውን ዜና ይነግሩኛል፣ እኔ እተይባለሁ። መጽሔቱ ላይ ሦስት ጊዜ የወጣ ሰው ግድግዳው ላይ ይወጣል። አጣሪ የለም። በዚህ ሸለቆ የእናት ዜና አይጣራም፤ እናት ፊት ማስረጃ መጠየቅ ለቅሶ የመጣን ሰው መታወቂያ እንደ መጠየቅ ነው። ያንተ የሽልማት ቀን እናትህ መድረኩ ላይ ወጥተው «ልጄ ቀዶ ጥገና ላይ ስለሆነ አልቻለም» ብለው ሰሌዳውን ተቀበሉ። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። የሳንባ ሐኪም፣ በዚህ አገር! አባቶቻችን ሁሉ ከሰል ሲተፉ አይተን ያደግን ሰዎች!

አሁን ለምን እንደማላወርደው ልንገርህ። ዓርብ ዓርብ እናትህ ያሉበት የአረጋውያን መጦሪያ መኪና አሮጊቶቹንና ሽማግሌዎቹን ወደ እሳት አደጋ ተከላካዮች አዳራሽ ይወስዳቸዋል፣ የተጠበሰ ዓሣ ሊበሉ። እናትህ መኪናውን በትምህርት ቤቱ በኩል ያስዞሩታል። ተማሪዎቹ ለመመረቅ የአገልግሎት ሰዓት ስለሚያስፈልጋቸው የሽማግሌ ተሽከርካሪ ወንበር ለመግፋት ይጋፋሉ፤ ሚስተር ያኒክ ሳይጠይቁ ሁለት ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ተወስደዋል። የእናትህን ወንበር ግን ለማንም አልሰጥም፤ እኔው ነኝ የምገፋቸው። ግድግዳው ፊት እንቆማለን። ሄለን ቢየላክም ከጎናቸው ትቆማለች።

«ሄለን፣ ልጅሽ ላይ አቧራ ተቀምጧል» ይላሉ እናትህ።

«ይቀመጣ። ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው።»

«የኔው ደግሞ ሳንባ ነው የሚያክመው። ጥርስ የሌለው ሰው ሞልቷል፤ አንቺም አለሽ። ሳንባ የሌለው ግን አይቼ አላውቅም።»

«አንቺ ምላስሽን የሚያክም ልጅ ነበር መውለድ የነበረብሽ።»

ይኸው ነው ዓርባቸው። ሌላ ዓርብ የላቸውም። ፎቶህ የወደቀ ሳምንት ባዶውን ቦታ አይተው «ወረደ?» አሉኝ። «መስተዋቱ ሊጸዳ ነው፣ እማማ ኦልጋ» ስላቸው፣ «ዘጠኝ ዓመት ያልተጸዳ ዛሬ ምን ነካው?» ብለው ዓሣውን ሳይቀምሱት ተመለሱ። በማግስቱ መልሰን ሰቀልነው።

ስለዚህ የምልህ ይህ ነው። ከዚህ ጋር የላክሁልህን፣ ሐኪም መሆንህን የሚያረጋግጠውን ወረቀት ፈርምና መልሰው። ፈቃዱ ከደብዳቤው ጋር ተልኮ ነበር፣ መንገድ ላይ ጠፋ እንላለን። ፖስታ ቤት ስንቱን ያጠፋል! ትራንተር እስኪያጣራ ጊዜ እናገኛለን። እስከ መቼ የሚሆን ጊዜ እንደሆነ አልጽፈውም።

ስለ ጤንነታቸው፦ ደህና ናቸው። ትንሽ ከስተዋል።

ቬልማ


ኤልኮ
ኦክቶበር 8 ቀን 1997

ውድ ቬልማ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ይሄኛውንም የምልከው ሳላነበው ነው።

«ትንሽ ከስተዋል» ብለሽ ጽፈሻል። እኔ እኮ እንጀራዬ ይሄ ቃል ነው። ሰዎች ስልክ ይደውሉና «አባባ ትንሽ ደክመዋል» ይላሉ፤ እኔ ትልቁን ሲሊንደር እጭናለሁ። «ትንሽ አልበላ ብላለች» ይላሉ፤ ሁለት እጭናለሁ። ስለዚህ ቃሉን ተዪውና ንገሪኝ፦ የትኛው ሲሊንደር ነው?

ወረቀቱን አልፈርምም። አትቆጪ፣ ምክንያቴን ስሚ። አምና በክረምት አንድ ተጎታች ቤት ደረስኩ፤ ሰውዬው ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ሚስቱ የደንብ ልብሴን ኮሌታ ይዛ «ዶክተር፣ ዶክተር፣ አንድ ነገር አድርግ» ትለኛለች። ዶክተር አይደለሁም፣ እመቤቴ። ሹፌር ነኝ። ይህን ስነግራት ያየችኝን አስተያየት በናስ አስቀርጬ ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም። አንድ ሰው እዚያ ሸለቆ ውስጥ ዛሬም «የቹርካ ልጅ ሲመጣ ያየኛል» ብሎ ሆስፒታል ሳይሄድ ተቀምጦ ቢሆንስ? ስታሽ ቢየላክ ከዚያ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር? አትመልሺልኝ።

ሰሌዳው ላይ መጻፍ ያለበት ይህ ነው፦ «ቨርኖን ቹርካ። ኦክስጅን ያመላልሳል።» ፌርሞሮች ከወደዱት ይስቀሉት፣ ካልወደዱት ያውርዱት።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። እናቴ ይህን ከትራንተርም ሆነ ከሄለን ቢየላክ አፍ አትስማ። ለእነሱ መዝናኛ ትሆናለች። እኔ ራሴ መጥቼ፣ እጇን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ልንገራት። ለቀድሞ ተማሪዎች በዓል፣ ዓርብ ኦክቶበር 24 እደርሳለሁ። እስከዚያ አፋቸውን ያዢልኝ። ያንቺንም ጨምሮ።

አለቃዬን ፈቃድ ስጠይቀው «ለምን ጉዳይ?» አለኝ። «ከግድግዳ ልወርድ ነው» አልኩት። ደህና መሆኔን ጠየቀኝ።

ቨርኖን


ዶርሲ ሆሎው
ኦክቶበር 15 ቀን 1997
በአስቸኳይ ፖስታ

ውድ ቨርኖን፣

የትኛው ሲሊንደር ብለህ ጠየቅኸኝ። ትልቁ።

ከኦገስት ጀምሮ ነው። እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነበር፤ «ሾርባዬን እጠጣለሁ በይው» ብለው። ስልኩን ቶሎ የሚዘጉት የቱቦውን ድምፅ እንዳትሰማ ነው። አሁን መሐላዬን አፍርሻለሁና ለእኔም የሚጸልይልኝ ፈልግልኝ።

የአጣሪ ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ ነበር። ሚስተር ትራንተር መብራት የሚያበራ ማሽን አምጥቶ ስማችሁን አንድ በአንድ ግድግዳ ላይ ያበራዋል፤ ያላጸደቀውን በቀይ ይሰርዘዋል። የመጨረሻው ፍርድ ይመስል ነበር፣ ከነቡናውና ከነዶናቱ። ያንተ ሲደርስ አዲሱን ዐረፍተ ነገርህን አነበብኩላቸው።

«ይህ ሥራ ነው እንጂ አገልግሎት አይደለም» አለ ትራንተር። «በደሞዝ የተሠራ ነገር አይቆጠርም።»

ዝም አላልኩም። ቀድሜ ድርጅትህ ደውዬ ነበር። አለቃህ ምን አለኝ መሰለህ? ውላቸው ለተቋረጠባቸው በሽተኞች እሑድ እሑድ በራስህ ፒክአፕ ሲሊንደር እንደምታደርስ ነገረኝ። የነገረኝ ሊያመሰግንህ ሳይሆን በአንተ ላይ ምስክር ፈልጎ ነው። እኔም ይህንኑ ለኮሚቴው ተናገርኩ፤ በእንባ ጭምር፣ እንባው ትንሽ የታሰበበት ነበር።

ትራንተር መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «ወይዘሮ ስትሮፕኮ፣ ይህ እንኳ አገልግሎት አይደለም። የድርጅት ንብረት ማባከን ነው።»

ድምፅ ተሰጠ። ተሸነፍን። ከሰኞ ጀምሮ ኮሎኔሉም፣ ጥርስ ሐኪሙም፣ አንተም ትወርዳላችሁ። ግድግዳው ላይ የሚቀሩት አንጥረኛውና ሰዓቱ ናቸው። ሰዓቱም አይሠራም።

እንግዲህ ልብ በል። ከነገ ወዲያ ዓርብ እናትህ ሲመጡ ፎቶህን ያዩታል። በሚቀጥለው ዓርብ ግን ባዶ ግድግዳ ነው የሚጠብቃቸው። የሄለን የወንድም ልጅ ኮሚቴው ውስጥ አለ፤ ያ ቤተሰብ ደግሞ ምስጢር ይዞ ማደር አይሆንለትም። አንተ ልትነግራቸው ከፈለግህ 24ን አትጠብቅ።

አሁን ተነሥ። ሸሚዝህን እንኳ እኔ እዚህ እተኩስልሃለሁ።

ቬልማ


በፋክስ
የሮይ ጋራዥ፣ ኔብራስካ
ኦክቶበር 20 ቀን 1997

ቬልማ፣

ቅዳሜ በሌሊት ወጥቼ ነበር። ኔብራስካ ላይ በረዶ ያዘኝ፣ የውሃ ፓምፑም እዚሁ ሞተ። ዕቃው ከኦማሃ የሚመጣው ረቡዕ ነው፤ አውቶቡስም ቆሟል። ባለጋራዡ ሮይ ይባላል፤ ደግ ሰው ነው፣ ፋክሱን አውሶኛል። የሚመጣውን ሁሉ ግን ለደንበኞቹ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ስለዚህ በጨዋ ቋንቋ ጻፊ።

መጦሪያው ትናንት ማታ ደወልኩ። ልጅቷ «ተኝተዋል» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። «ተኝተዋል።» ቀትር ላይ ደወልኩ። «ተኝተዋል» ብላ ሳልጨርስ ዘጋችብኝ። እናቴ ቀትር ላይ አትተኛም፤ ቀትር ላይ ከሰው ጋር ነው የምትጣላው።

ሰማች? ሄለን ነገረቻት? ተዋርዳ ነው አላናግርም ያለችኝ? ፎቶው ወርዷል?

እውነቱን ጻፊልኝ። ዛሬ ካልጻፍሽልኝ የሮይን አሮጌ መኪና ለምኜ በዚሁ በረዶ ላይ እወጣለሁ። ሮይ «ከኮረብታው አታልፍም፣ ሁለት ሰው ትናንት ገደል ገብቷል» ይላል። ግድ የለኝም።

ቨርኖን


በፋክስ
ዶርሲ ሆሎው
ኦክቶበር 20 ቀን 1997

ውድ ቨርኖን፤ እንዲሁም ውድ ሚስተር ሮይና ደንበኞቻቸው፣

የማንንም መኪና አትንካ። እናትህ ደህና ናቸው። መስኮቱ አጠገብ ሆነው ይጠብቁሃል። ዛሬ ሾርባቸውን ጨርሰዋል። ልጅቷ ተኝተዋል ያለችህ እውነቷን ነው፤ አዲሱ መድኃኒት እንቅልፍ ያመጣል። ፎቶህም እንደተሰቀለ ነው።

አዎ፣ ሰምተዋል። ይቅርታ፣ አፋቸውን ልይዝልህ አልቻልኩም። ግን እንዴት እንደሰሙ አንብብ፣ ከዚያ በኋላ ከፈለግህ ተጨነቅ።

ዓርብ ዕለት ነው። መኪናው ውስጥ ሁላችንም ተቀምጠናል። ሄለን ወደ እናትህ ዞራ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ኦልጋ፣ ሐኪምሽ ሹፌር ነው አሉ» አለች።

ሚስተር ያኒክ የጆሮ መስሚያቸውን ከፍ አደረጉ። እኔ በመስኮት ወጥቼ ብሄድ ደስ ባለኝ።

እናትህ አፍንጫቸው ላይ ያለውን ቱቦ አስተካከሉ። «አውቃለሁ» አሉ።

«ታውቂያለሽ?»

«እኔ ነኝ የወለድኩት፣ ለምን አላውቅም? በየሳምንቱ ይነግረኝ የለ እንዴ፣ ሲሊንደር አደረስኩ፣ ቱቦ ሰካሁ እያለ። ዶክተር ያልኩት ባንቺ ምክንያት ነው። ‹ልጄ የጥርስ ሐኪም ሆነ› ብለሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትጎማለዪብኝ ምን ልበል? ያን ጊዜውኑ ወንበር ሻጭ ነው ብትዪኝ ኖሮ እኔም በሹፌር እረጋ ነበር።»

ሄለን መሳቅ ጀመረች። እናትህም ሳቁ፤ ሳቁና ትንፋሽ አጠራቸው፣ ሄለን ጀርባቸውን መታ መታ አደረገችላቸው። ዓሣውን ከአንድ ሳህን ነው የበሉት።

ከምሳ በኋላ ብቻችንን ግድግዳው ፊት ቆምን። ፎቶህን ብዙ አዩት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፣ እየቆራረጡ ነው የተናገሩት፣ እኔ አጠጋግቼ ልጻፈው፦ «አባቱ አየር ሲያጣ በዚህ ሸለቆ ሲሊንደር ይዞ በራችንን ያንኳኳ የለም። እኔ ነበርኩ በጋዜጣ የማራግብለት። ልጄ አሁን የሰው በር ያንኳኳል። አላፈርኩበትም፣ ንገሪው። ሐኪም ማለቱ ግን አፌ ላይ ይጥመኝ ነበር፤ እሱንም ንገሪው።»

ስለዚህ የምትነግራቸው ነገር የለህም። ቸኩለህ የምታደርሰው ወሬ የለም። ፓምፑ ይምጣ፣ በረዶው ይቅለጥ፣ ቀስ ብለህ ና።

ቬልማ


የዶርሲ ሆሎው ትምህርት ወረዳ
የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር
ኦክቶበር 24 ቀን 1997

ማረሚያ
(ከአውራ ጎዳናው መገንጠያ ላይ ባለው ነዳጅ ማደያ፣ በጸሐፊዋ እጅ የሚሰጥ)

ማኅበሩ ኦክቶበር 20 ቀን 1997 ለአቶ ቨርኖን ቹርካ በላከው ፋክስ ውስጥ የሚከተሉት ስህተቶች መገኘታቸውን ያስታውቃል።

«ይጠብቁሃል» የሚለው ቃል ስህተት ነው። ፋክሱ በተጻፈበት ሰዓት ወይዘሮ ኦልጋ ቹርካ በሕይወት አልነበሩም። ያረፉት በዋዜማው እሑድ ጠዋት፣ ቄሱ አቁርበዋቸው ከወጡ በኋላ ነው። አልተጨነቁም። ጸሐፊዋ አጠገባቸው ነበረች።

«ሾርባቸውን ጨርሰዋል» የሚለው አልተደረገም።

የመጦሪያው ሠራተኛ ሦስት ጊዜ «ተኝተዋል» ያለችው በጸሐፊዋ ትእዛዝ ነው። ልጅቷ ትወቀስ ዘንድ አይገባም፤ ስልኩን በዘጋች ቁጥር አልቅሳለች። አዲስ መድኃኒት የሚባል ነገር የለም።

«ፎቶህም እንደተሰቀለ ነው» የተባለው ትክክል አይደለም። ፎቶው ዓርብ ዕለት ከግድግዳው ወርዷል፤ ያወረደው ግን ኮሚቴው አይደለም። ወይዘሮ ቹርካ «ትራንተር እጁን እንዳያሳርፍበት አንሺልኝ» ብለው አዘዙ፣ ጸሐፊዋም አነሣች። ጭናቸው ላይ አድርገው ወሰዱት። እስከ መጨረሻው ከአልጋቸው ፊት ለፊት ነበር። ሰሌዳውን ለሚስተር ትራንተር ትተንለታል።

ጸሐፊዋ ይህን ሁሉ እያወቀች ሌላ ጽፋለች። መርዶ ሰምቶ በዚያ በረዶ ላይ መኪና የሚነዳ ሰው አስፈርቷት ነው። ማኅበሩ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጸሐፊዋም ለብቻዋ ትጠይቃለች።

ቀብሩ አንተን ሲጠብቅ ቆይቶ ነገ ጠዋት ይፈጸማል። ሄለን ቢየላክ ከፊት መስመር ቦታ ይዛልሃለች። የተተኮሰው ሸሚዝ መኪናዬ ውስጥ ተሰቅሏል።

በዚያው ፋክስ፣ ወይዘሮ ቹርካ በመኪናው ውስጥና በግድግዳው ፊት ተናገሩ ተብሎ የሰፈረው ግን ተጣርቶ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። እንዳለ ይጸናል።